ተሰቅሎ የተለካ መኪና

ጋሽ ውሃልክ ያን ዕለት ወደ ጎማ መሸጫው የመጡት ለመግዛት አልነበረም፤ ለመጣላት ነበር። ቀይዋን የስፖርት መኪና ከሱቁ ፊት ባለው ሲሚንቶ ላይ አቆሙና ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ «እህህ!» እያሉ ወጡ። ዕድሜ ልኩን ወደ ከባድ መኪና ጋቢና ሽቅብ ሲወጣ ለኖረ ሰው፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ካልቀራት መኪና ውስጥ መውጣት ከጉድጓድ እንደ መውጣት ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ የሸጥክልኝ ጎማ ነው ወይስ ጥቁር የተቀባ ካርቶን?» አሉ ገና ከበሩ ሳይገቡ።

ጎማ ሻጩ ለነገር የማይቸኩል፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እንዴት ዋልክ ይባላል» አላቸው።

«እንዴት እንደዋልክማ እያየሁህ ነው፤ እኔን አቃጥለህ አንተ ትስቃለህ! ዓመት እንኳ ሳይሞላው ይኸው ሁለተኛው ጥንድ ጎማ ተበላ። ልጄ ደግሞ ከነገ ወዲያ ረጅም መንገድ ትወጣለች።»

እዚህ ላይ አንባቢ ከእኒህ ሰው ጋር ይተዋወቅ። ውሃልክ እናት አባት ያወጡላቸው ስም አይደለም። ግንበኛ የግድግዳውን መቃናት በሚያይበት መሣሪያ ስም የጠሯቸው የሠፈሩ ሹፌሮች ናቸው። ጋሼ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከመኪናው ኋላ ቁጢጥ ብለው ካዩ፣ የትኛው ጎማ ወዴት እንደዞረ ይናገራሉ፤ በሲባጎና በሜትር ሲለኩትም እንደተናገሩት ሆኖ ይገኛል። ጸጉራቸው የሸበተው በገዛ ወርክሾፓቸው፣ በዚሁ የመካኒክ ሥራ ነው። ስማቸውን ይወዱታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከልክ በላይ ይወዱታል።

ሱቁ ውስጥ፣ ሚስማር የወጋውን ጎማዋን እያስጠገነች የተቀመጠች ሴት ነበረች። ድምፃቸውን ስትሰማ ብድግ አለች።

«ጋሼ! እንዴት ነዎት? አላወቁኝም እንዴ?»

ጋሼ አተኩረው አዩዋት። ፊታቸው በአንዴ በራ። «ድንቢጥ! አንቺ ነሽ? እንዴ፣ እንዴ! አጥር ላጥር ያደግሽ ልጅ፣ ተምረሽ ተመለስሽ ሲሉ እሰማለሁ፤ ዓይንሽን ግን ማን አየው!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሥራ ፋታ አልሰጠኝም። የመኪና ጥገና ነው የማስተምረው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪ... የእርስዎን ሙያ ማለት ነው።»

«የኔን ሙያ በጠመኔ!» ብለው ሳቁ። «ጥሩ፣ ጥሩ። እስቲ እንግዲህ በዚህ ሰውዬ ፍረጂልኝ። ነይ እዪ።»

እጇን ይዘው ወደ መኪናዋ ወሰዷት። ሻጩም እየተንገዳገደ ተከተለ።

«ከውጭ በኩል እዪው። ጥርሱ እንዳለ ነው አይደል? አዲስ ነው። አሁን እጅሽን ወደ ውስጥ ስደጂ።»

አስተማሪዋ በርከክ ብላ መዳፏን ከጎማው ኋላ አሳለፈችና ቶሎ መለሰችው። ከተበላው ላስቲክ የወጣው ሽቦ ጣቷን ጫር አድርጓት ነበር።

«አየሽ?» አሉ ጋሼ በድል። «ግማሹ ሙሽራ፣ ግማሹ ሬሳ! ፋብሪካው በአንድ ወገን ላስቲኩን አሳስቶታል ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ ፋብሪካው ከርስዎ ጋር ምን ቂም አለው?» አለ ሻጩ። «ይህንኑ ጎማ ለስንቱ ሸጫለሁ፤ የሚበላው የርስዎ ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣» አለች አስተማሪዋ ጣቷን በመሐረብ እየጠረገች፣ «ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልናገር።»

«ተናገሪ ልጄ፣ ማን ይከለክልሻል።»

«ጥፋቱ የጎማው አይመስለኝም። ጎማ እንደ ጫማ ነው፤ አረማመዳችን ሲጣመም በአንድ በኩል ያልቃል። መኪናዋ ዝቅ ተደርጋለች። ዝቅ ከተደረገች በኋላ አላይመንቷ፣ ማለቴ የጎማዎቿ አቋቋምና አቅጣጫ ታይቷል?»

የጋሼ ፊት ተለወጠ። «ማን አየው ብለሽ ትጠይቂኛለሽ? እኔ ነኛ! ዝቅ እንድትል ሞላውን በግራይንደር የቆረጥኩት እኔ፣ መሪውን ያቃናሁት እኔ፣ በሲባጎ የለካሁት እኔ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጸጉር ታህል ስሕተት የለበትም!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ነርሷ ልጃቸው ይህችን ሁለት በር መኪና ያገኘቻት በደሞዟ አጠራቅማ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትም እናትም የሆኗት ጋሼ ናቸው፤ እምቢ ማለት አያውቁም። «አባዬ፣ እንደነዚያ እንደሚያማምሩት ዝቅ አድርጋት» ስትላቸው መጀመሪያ «መኪና ምን ጥንቸል ነው ጉድጓድ የሚወደው!» ብለው ተቆጡ። በሳምንቱ ሞላዎቹን አውጥተው ቆረጡላት። አሁን ከተራራው ማዶ ባለ ሆስፒታል ተመድባለች። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብበት ከባድ መኪኖች እየተንሸራተቱ ገደል ይገባሉ። ጋሼ ያን መንገድ በልባቸው ያውቁታል። ቁጣቸው ሁሉ የመጣው ከዚያ ፍርሃት ነበር።

«አልተጠራጠርኩዎትም» አለች አስተማሪዋ በትሕትና። «የርስዎን እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ጎማው በውስጥ በኩል ተበልቷል። ይህን ያደረገ ነገር መኖር አለበት።»

«ልጄ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል ሰምተሻል? መኪናዋ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። በሜዳ መንገድ መሪውን ለቅቄ አይቻታለሁ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለችም። ጎማዋ የተዛባ መኪና እንዲህ ይሄዳል?»

«ይሄዳል ጋሼ።»

«ይሄዳል?» ጋሼ ሻጩን አዩት፤ ሻጩ ትከሻውን ነቀነቀ። «ይህን ነው ትምህርት ቤት ያስተማሩሽ?»

«ገመድ ጉተታ ያስታውሱ። በግራና በቀኝ እኩል ጉልበት ያላቸው ልጆች ሲጎትቱ መሐሉ ላይ የታሰረው ምልክት ይንቀሳቀሳል?»

«ለምን ብሎ ይንቀሳቀሳል!»

«የጎታቾቹ መዳፍስ?»

«ይላጣል» አለ ሻጩ በእሳቸው ፈንታ።

«ግራው ጎማ ወደ ግራ፣ ቀኙ ወደ ቀኝ እኩል ቢከፈት፣ መኪናዋ በመሐል ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መሪውን የያዘ ሰው ምንም አያውቅም። ጎማዎቹ ግን መንገዱን ሁሉ ወደ ጎን እየተጎተቱ፣ እየተፋቁ ነው የሚሄዱት። በዚያ ላይ መኪና ዝቅ ሲል የጎማው ጭንቅላት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ክብደቱ በሙሉ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ማዘንበሉ ብቻውን ቢሆን ጎማውን እንዲህ ቶሎ አይጨርሰውም። ያዘነበለ ጎማ ተከፍቶ ሲሄድ ነው ሽቦ የሚያወጣው።»

የተማረ ሰው አነጋገር አንዳንዴ እውነትም ሆኖ አይዋጥም። ጋሼ የተናገረችው ገብቷቸው ነበር፤ ግን የገባቸውን ነገር ከገዛ ጎረቤታቸው ልጅ አፍ፣ ያውም ጎማ ሻጭ እየሰማ፣ መቀበል ከበዳቸው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለጉ።

«እሺ፣ ይሁንልሽ። ለዚህም መድኃኒት አለው። የመጀመሪያው ጥንድ መበላት ሲጀምር ከቸርኬው አውጥቼ ገለበጥኩት። የተበላውን ወደ ውጭ፣ ያልተበላውን ወደ ውስጥ። አንድ ጎማ እንደ ሁለት አገለገለኝ። ይህን የሚያህል ቁጠባ አለ?»

«እና ከተገለበጠ በኋላ?»

«በሌላውም በኩል ተበላ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን» አለች ፈገግ ብላ። «ጎማው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሲገለበጥ የሚበላውም ወገን አብሮ በተገለበጠ ነበር። እርስዎ ጎማውን አዞሩት፤ በዪው ግን እዚያው በቦታው ጠበቀው።»

ሻጩ ሳቁን ሊይዝ ሞከረና አቃተው። «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ከፋብሪካው ጋር አስታረቀችን» አለ።

«አንተ ዝም በል! ዛሬ ጠበቃ አገኘህና!» ጋሼ ኮታቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ሜትር አምጣ። ክሪክ አምጣ። እዚሁ እለካዋለሁ፤ ውሸታሙ ይለያል።»

ክሪኩ መጣ። ጋሼ የመኪናዋን አፍንጫ አነሡና ከሥሯ ጠንካራ ግንድ አስገቡ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአየር ላይ ተንጠለጠሉ። እያንዳንዱን ጎማ እያሽከረከሩ በመካከሉ ላይ በጠመኔ ዙሪያውን መስመር አሰመሩ። ከዚያ ከግራው መስመር እስከ ቀኙ ያለውን፣ መጀመሪያ ከጎማዎቹ ፊት፣ ቀጥሎ ከጎማዎቹ ኋላ፣ በአንድ ከፍታ ለኩ። አሠራራቸውን ላየ ሰው እውነትም ስም የወጣላቸው በከንቱ አልነበረም።

«አንብቢ» አሏት።

አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ አነበበች። የፊቱና የኋላው ልክ እኩል ነበር።

«እኩል ነው።»

«ይኸው!» ጋሼ ሜትሩን አየር ላይ አወናጨፉት። «ይኸው! ጸጉር ታህል አልኩ፤ አላልኩም?»

«ብለዋል፤ እውነትዎን ነው። ከዚህ የተሻለ ልኬት እኔም አልለካም። አሁን መኪናዋን ያውርዷት።»

«ለምን?»

«ልጅዎ ከነገ ወዲያ የምትሄደው መሬት ላይ ነው። በክሪክ ላይ አይደለም።»

መቼም ባለሙያ ሁሉ በልማዱ ውስጥ ተከልሎ ጠይቆት የማያውቅ አንድ ጥያቄ አለው። ጋሼ መኪናን ሰቅለው የሚለኩት በወጣትነታቸው ከጭነት መኪና ሥር መግባት ስለሚመቻቸው ነበር፤ በኋላም ወገባቸው ስለማይታጠፍላቸው። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ ራሳቸውንም አልጠየቁ።

ግንዱ ወጣ፤ መኪናዋ ወረደች። አስተማሪዋ ሞላው ቦታውን እንዲይዝ መኪናዋን ወደፊትና ወደኋላ እንዲገፏት ጠየቀች፤ ሦስቱም ገፏት። አሁን ከመኪናዋ ሆድ ሥር የቀረው ክፍተት እጅ እንጂ ሰው አያስገባም። ጎማ ሻጩ በደረቱ ሲሚንቶው ላይ ተኛ፤ የተኛው በሆዱ ነው ማለት ይቀላል።

«ከተነሣሁ ተአምር ነው» አለ።

«ሜትሩን ያዝ፣ አታውራ!» አሉት ጋሼ፣ በሌላው በኩል እሳቸውም እያቃሰቱ ተንጋለው።

ያንኑ መስመር፣ በዚያው ከፍታ ለኩ። ከፊት ለኩ። ከኋላ ለኩ። ጋሼ ቁጥሩን አዩት። እንደገና ከፊት ለኩ። እንደገና ከኋላ። ከዚያ ሜትሩን ጣሉና፣ «ይህ ሜትርህ ተበላሽቷል፣ ሌላ አምጣ» አሉ። ሻጩ እየተንፏቀቀ ሄዶ ሌላ አመጣ። ሌላውም ያንኑ ተናገረ። ጎማዎቹ ከፊት በግማሽ ጣት ተከፍተዋል።

ጋሼ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ጠመኔው ሱሪያቸውን ሁሉ አንጥቶታል።

«ተሰቅላ እኩል፣ ወርዳ ክፍት» አሉ ለራሳቸው። «እንዴት ሊሆን ቻለ?»

አስተማሪዋ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሲቀመጡ መቆም ነውር መስሎ ታይቷታል፤ ደግሞም እዚህ ላይ የምትለው ነገር ከላይ ወደታች የሚባል አልነበረም።

«ጋሼ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ የሚሠሩት ምን መኪና ነበር?»

«የጭነት። ምን ሌላ አለ።»

«የጭነት መኪና የፊት ጎማዎች በአንድ ወፍራም ዘንግ ጫፍና ጫፍ ነው የተተከሉት። ሰቀሉት አወረዱት ዘንጉ አይታጠፍም፤ ልኩ ያው ነው። ለዚያ መኪና የርስዎ አለካክ እንከን የለውም፤ ተማሪዎቼንም በደስታ እልክልዎታለሁ። ይህቺ ግን እያንዳንዱ ጎማዋ በየራሱ ክንድ ተንጠልጥሎ ነው። ስትሰቀል ክንዱ ወደታች ይወድቃል፤ ስትወርድ ወደ ላይ ይነሣል። ጎማውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው የመሪ ዘንግ ደግሞ በራሱ መንገድ ነው የሚነሣው። በቀድሞ ቁመቷ ብትሆን ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ሞላው ከተቆረጠ ወዲህ ግን ክንዱ ከፋብሪካው ሐሳብ በላይ ተነሥቷል። ሰቅለው ሲለኳት የምትቆምበትን ሳይሆን የማትቆምበትን ለኩላት።»

ጋሼ በጠመኔ በነጣ እጃቸው ጎማውን መታ መታ አደረጉ። «ምነው ልጄ አንድ ቀን እንኳ ለሌላ ሰው ባሳየቻት!» አሉ። «የሥራ ጓደኞቿ መኪና ያላቸው ናቸው። ማሽን ያለበት ጋራዥ ሞልቷል።»

አስተማሪዋ መሐረቧን አጠፈች። «ልንገርዎት ወይስ ልተወው?»

«ንገሪኝ።»

«ባለፈው መንገድ ላይ አግኝቻት ነበር። ጎማውን አይቼ ደነገጥኩና ወደ ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ይዘሻት ነይ፣ በማሽን ላያት አልኳት። ሳቀችብኝ። "የአባቴን እጅ በማሽን አላስፈትንም፤ እሱ ከነካት በቃ" አለችኝ።»

ጋሼ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ደስ አላቸው። አባት ናቸውና አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ቀጥሎ ግን፣ የዚያ ቃል ሌላው ወገን ሲታያቸው፣ ወሽመጣቸው ብጥስ አለ። ልጃቸው በዚያ ቁልቁለት ላይ፣ ሽቦ ባወጣ ጎማ፣ ደረቷን ነፍታ ልትወርድ የነበረው እሳቸውን አምና ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሷ አባቷን አትጠረጥርም፤ መጠርጠር የነበረባቸው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

«ልገድላት ነበር» አሉ በቀስታ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ፤ አልደበቁትም። «እናቷን በሽታ ወሰደብኝ። እሷን ደግሞ ኩራቴ ሊወስድብኝ ነበር።»

«ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ...»

«ተይኝ፣ ልበል! አሁኑኑ ምን ይደረግ? እሱን ንገሪኝ። የምትዪኝን ሁሉ አደርጋለሁ።»

«ሦስት ነገር ነው ያለብን» አለች አስተማሪዋ፤ ድምፅዋ የሥራ ድምፅ ሆነ። «የተቆረጠውን ሞላ እናወጣለን። የተቆረጠ ሞላ መኪናዋ በጉድጓድ ላይ ስትዘል ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ለዝቅታ ተብሎ የተሠራ ሞላ ከዚሁ መንገድ ጫፍ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። ቁመቷ ትንሽ ከፍ ይላል።»

«ልጄ ታኮርፋለች።»

«ታኩርፍ። ከዚያ የመሪውን መገጣጠሚያዎች እንፈትሻለን፤ የላላ ነገር ይዞ ማስተካከል በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። በመጨረሻም በማሽን እናቆማታለን። እዚያም አንድ ነገር አይርሱ፤ ባለቤቷ መቀመጫው ላይ ሆና ነው የምትለካው። እንዲህ ዝቅ ያለች መኪና የሰው ክብደት ይሰማታል።»

«እና አዲሱን ጎማስ?» አለ ሻጩ።

«እሱ ከሁሉም በኋላ ነው» አሉ ጋሼ ከእሷ ቀድመው። ይህን ሲሉ ድሮ የነበራቸው ድምፅ ትንሽ ተመለሰላቸው። «አጥፊውን ሳናባርር አዲስ ጎማ አናገባበትም። ግን አስቀምጥልኝ። እ... ቅድም ስላልኩህ ነገር...»

«ካርቶን ያሉኝን?»

«አዎ። ይቅር በለኝ።»

«እኔማ ይቅር ብያለሁ። ሆዴ ነው ይቅር የማይል» አለ ሻጩ፣ ሸሚዙ ላይ የተለጠፈውን አቧራ እያራገፈ።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ባዶ ነበር፤ ተማሪዎቹ ዕረፍት ላይ ናቸው። ነርሷ አባቷ ስላስጠሯት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። መኪናዋ አዲስ ሞላ ተገጥሞላት ማሽኑ ላይ ቆማ፣ አባቷ ደግሞ እጀታቸውን ሰብስበው ከማንም ተማሪ ባልተናነሰ ትጋት ዳዶ በመፍቻ ሲያላሉ ስታይ ደሟ ፈላ።

«አባዬን ምን አድርገሽው ነው?» አለቻት አስተማሪዋን። «አላመጣም አላልኩሽም? አባዬ፣ አንተስ? መኪናዬን ማን ንኩ አላችሁ? አንተ ለክተሃታል እኮ!»

ጋሼ መፍቻውን አስቀመጡ። ሌሊቱን ሁሉ ይህን ንግግር ሲያሰናዱ አድረው ነበር፤ አሁን ግን የተሰናዳው ሁሉ ጠፋባቸው።

«ለክቻታለሁ እናትዬ። አሳስቼ ነው የለካኋት።»

«አንተ? አንተ አትሳሳትም።»

«ይኸው ተሳሳትኩ። ሰቅዬ ለካኋት፤ አንቺ ግን መሬት ላይ ነው የምትነጂያት። ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ።» እጇን ይዘው በአሮጌው ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ ሽቦው እንዳይወጋት በጥንቃቄ አሳለፉት። «ይህ የኔ ሥራ ነው። ሌላ ሰው አልሠራውም፤ ፋብሪካም አልሠራውም።»

ነርሷ ሽቦውን በጣቷ ዳሰሰች። ሆስፒታል ውስጥ በመንገድ አደጋ የተጎዳ ሰው ስንት ጊዜ እንደተቀበለች የምታውቀው እሷ ናት። እጇን ሰበሰበች።

«ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«አላውቅማ! ትናንት ነው ያወቅኩት። ድንቢጥ ነች ያሳየችኝ፤ ያውም በገዛ እጄ፣ በገዛ ሜትሬ። እናትዬ፣ ስሚኝ። እኔ የነካሁትን ሁሉ እመኚ ብዬ አሳድጌሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን እኔ የነካሁትንም ፈትሺ። በየጊዜው እጅሽን ከጎማው ኋላ ስደጂ፤ ከውጭ ብቻ አይተሽ አትለፊ። አባትሽ ሽማግሌ ሆነ ብለሽ አይደለም። አባትም ሰው ነውና።»

ነርሷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ነጩ ልብሷ ግራሶ በግራሶ ሆነ፤ ግድ አልሰጣትም። አስተማሪዋ የማሽኑን ስክሪን የምታነብ መስላ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ነርሷ መሪ ጨብጣ ተቀመጠች፤ ጋሼ ከሥር ሆነው አስተማሪዋ በምትነግራቸው ልክ የመሪውን ዘንግ አሳጠሩ፤ አስረዘሙ። «ትንሽ ወደዚህ... ይቆዩ... በቃ፣ ያጥብቁት» ስትል፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ የነበረው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ጋሼ ከሥር ወጥተው ከመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ አሉ፣ አንድ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

«እህስ ጋሼ?» አለች አስተማሪዋ።

«ማሽኑ ደህና ዓይን አለው» አሉ።

አዲሱ ጎማ ተገጠመና ልጅቱ በተባለው ቀን ወጣች። ጋሼም ከዚያ ወዲህ በእጃቸው ልማድ ላይ ጥያቄ የሚያነሡ ሰው ሆኑ። የጭነት መኪና ሲመጣ እንደ ድሮው ራሳቸው ይለካሉ፤ የትምህርት ቤቱም ተማሪዎች እየመጡ ይማሩባቸዋል። ትንንሽ መኪና፣ ይልቁንም ዝቅ የተደረገ ሲመጣ ግን፣ «ይህ የኔ አይደለም፤ ወደ ድንቢጥ ውሰደው» ይላሉ። አንድ ጎልማሳ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ውሃልክ ነዎት!» ቢላቸው፣ «ውሃልክም የሚለካው ነገር ላይ ካላስቀመጡት አይሠራም» ብለው መለሱለት። ስማቸው ከዚህ የተነሣ አልወረደም። እንዲያውም፣ የማያውቀውን አላውቅም የሚል መካኒክ ብርቅ ነውና፣ ደንበኛ በዛላቸው።

የመኪናዋ ነገርማ ታየ። ነርሷ ለእረፍት በመጣች ቁጥር አባትና ልጅ አብረው ይንበረከኩና እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ጎማው ከውስጥም ከውጭም እኩል ነው። በየጊዜው ለጎማ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ኪሷ ውስጥ ቀረ። ነዳጅም ቀነሰላት፤ ወደ ጎን ሲፋቅ የሚውል ጎማ ሞተሩን በከንቱ ያደክመው ኖሯል። መሪው ቀለላት፤ ጎማው ሲፋቅ ያወጣው የነበረው የሚያንጎራጉር ድምፅ ጠፋ። ዝቅታዋ ጥቂት በመቀነሱ ካኮረፈች ኩርፊያዋ ሁለት ቀን አልሞላም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን በዝናብ ቀን የሚታየው ነው፤ የጎማ ጥርስ ሙሉ ስፋቱን መሬት ካልያዘ ውሃ ላይ ፍሬን የሚባል ነገር የለም።

ያም ቀን መጣ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ እየወረደ ነበር። ጋሼ ወርክሾፓቸው በር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲያስቡ፣ ስልካቸው ጮኸ። የልጃቸው ድምፅ ይንቀጠቀጣል።

«አባዬ... አባዬ፣ ደህና ነኝ። መጀመሪያ ደህና መሆኔን ስማ። ቁልቁለቱ ላይ፣ ኩርባው ጋ፣ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ስታጠፍ ነው ያየሁት። ውሃው እንደ ወንዝ ነው የሚወርደው። ፍሬን ያዝኩ...»

ጋሼ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «እሺ?»

«ቆመች አባዬ። ቀጥ ብላ ቆመች። በእኔና በመኪናው መካከል ሰው ብቻ የሚያልፍበት ቦታ ነበር።»

ጋሼ «ተመስገን» አሉ። ስልኩን ሲዘጉ ኮት እንኳ ሳይደርቡ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። በሠፈሩ መንገድ፣ በዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ሄደው፣ የጎረቤታቸውን በር ደበደቡ። አስተማሪዋ ከፈተች፤ ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግራቸው ውሃ ሲያንጠባጥቡ አይታ ደነገጠች።

«ጋሼ! በዚህ ዝናብ! ምን ሆነው ነው? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም» አሉ ጋሼ፤ ያለቅሳሉም ይስቃሉም። «ምንም አልተፈጠረም ልጄ። ምንም እንዳልተፈጠረ ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»